ከድሬ ወደ ለገ ኦዳ፦ የጥንቱን ሥዕል አይቶ በአንድ ቀን ለመመለስ

ድሬዳዋን የከበቧት የበሃ ድንጋይ ተራሮች የጥንት ሰው የተጠለለባቸውና የሣለባቸው ዋሻዎች አሏቸው። ለአንድ ቀን ጉዞ የሚታሰቡት ሁለቱ ናቸው። አንደኛው ከከተማው ደቡብ ጫፍ ብዙም የማይርቀው ፖርክ ኤፒክ፣ ሌላው በስተደቡብ ምዕራብ 38 ኪሎ ሜትር ያህል የሚርቀው ለገ ኦዳ። ሁለቱን በአንድ ቀን እናዳርስ የሚል አስጎብኚ ካገኛችሁ በትሕትና እምቢ በሉት። ፖርክ ኤፒክ የግማሽ ቀን የእግር ሥራ ነው፤ ለገ ኦዳ መኪናና ሙሉ ቀን ይፈልጋል። ሥዕል ማየት የሚፈልግ ለገ ኦዳን ይምረጥ፤ መኪና የሌለው ወይም ጊዜ ያጠረው ፖርክ ኤፒክን።

ይህ ጉዞ ሲበላሽ ብዙውን ጊዜ የሚበላሸው ከተማ ውስጥ፣ ገና ሳይጀመር ነው፤ ወይ ደብዳቤ ሳይያዝ፣ ወይ ዋጋ ሳይቆረጥ፣ ወይ አርፍዶ በመነሳት። ስለዚህ ከዋዜማው እንጀምር።

ዋዜማውን

በቅድሚያ ወደ ድሬዳዋ የባህልና ቱሪዝም መሥሪያ ቤት ሂዱ። የሚሄዱበትን ቦታ፣ ቀኑንና የሰዉን ቁጥር ተናግሮ የፈቃድ ደብዳቤ ማጻፍና አስጎብኚ መያዝ ያስፈልጋል። ቅዳሜና እሁድ ቢሮ ስለሚዘጋ ለቅዳሜ ጉዞ ሐሙስ ወይም ዓርብ ጠዋት መጨረስ ነው። መታወቂያ (ለውጭ ዜጋ ፓስፖርት) ከነኮፒው ያዙ። እዚያው ሳላችሁ ሦስት ነገር ጠይቁ፦ የመንገዱ ሰላም እንዴት ነው፣ ሰሞኑን ዝናብ መንገዱን ቆርጦታል ወይ፣ በቦታው ጠባቂ ወይም ቁልፍ የያዘ ሰው አለ ወይ። ሦስተኛውን የሚጠይቅ ሰው ጥቂት ነው። 38 ኪሎ ሜትር ሄዶ "ቁልፉ እኮ እገሌ ጋር ነው" መባልን የመሰለ ግን የለም።

መኪናው ከመሬት ከፍ ያለ ይሁን። የመጨረሻው ክፍል አስፋልት ስላልሆነ ኮሮላ ሆዷን ትመታለች። ላንድክሩዘር ወይም ተመሳሳይ ፎር ዊል ኮንትራት ስትይዙ የምትስማሙት በኪሎ ሜትር ሳይሆን በሙሉ ቀን ይሁን፤ ነዳጅ፣ የሹፌሩ ምሳና የመጠበቂያ ጊዜ ውስጡ ይግቡ። የአስጎብኚውም ሂሳብ እንደዚሁ ከመነሳት በፊት በቁጥር ይቆረጥ። "ችግር የለም፣ እንግባባለን" ማለት ማታ ላይ አለመግባባት ማለት ነው። ለጠባቂና መንገድ ለሚያሳይ የአካባቢው ሰው የሚሰጥ ዝርዝር ብርም አስቀምጡ፤ ገጠር ገብቶ መቶ ብር መመንዘር አይታሰብም። መኪናውን ከመረከባችሁ በፊት ስፔር ጎማው ነፋስ እንዳለው፣ ክሪኩና የጎማ መፍቻው መኖራቸውን በዓይናችሁ እዩ። የበሃ ድንጋይ ስለቱ ጎማ ይበላል፤ የግራር እሾህም የራሱን ድርሻ አያጣም።

ውሃ ለአንድ ሰው 3 ሊትር፤ ከመጋቢት እስከ ሰኔ ከሆነ 4። የድሬ ሙቀት ላብን ቶሎ ስለሚያደርቀው ሰው የሚያልበው አይመስለውም፤ ራስ ምታቱ ሲጀምር ነው የሚያስታውሰው። በቦታው ሱቅም መጸዳጃ ቤትም የለም ብላችሁ ተዘጋጁ። ለስንቅ ዳቦ፣ የተቀቀለ እንቁላል፣ ሙዝ፣ ብርቱካን ይበቃል። ሥጋና ወተት ያለበት ነገር በዚያ ሙቀት መኪና ውስጥ እስከ ቀትር አይቆይም። ነጠላ ጫማ አያዋጣም፤ ሶሉ ወፍራም የሆነ ሽፍን ጫማ፣ ኮፍያና ዱላ ይኑራችሁ። ዱላው ለቁልቁለት ይረዳል፤ ቁጥቋጦ ከመግባት በፊት መሬቱን ለመምታትም፣ እባብ ካለ እንዲሸሽ።

ከሐረር የምትመጡ በዚያው ዕለት ለመነሳት አትሞክሩ። ሐረር ድሬዳዋ 55 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆንም የደንገጎ ጠመዝማዛ የተራራ መንገድ አለ፤ ሚኒባሱ እስኪሞላ ያለው ጥበቃም አለ። ሲደመር የጠዋቱን ብርሃን ይበላባችኋል። ማታውን ወርዳችሁ ድሬ እደሩ።

መነሻው ሰዓት

ከንጋቱ 11፡30 መኪና ውስጥ። ለዚህ ሁለት ምክንያት አለ። አንደኛው ሙቀቱ ነው፤ ከጠዋቱ 4 ሰዓት በኋላ በእግር የሚሄደው ክፍል ከባድ ይሆናል። ሁለተኛው የበርጫ ሰዓት ነው። የድሬን ኑሮ የሚያውቅ ይስማማል፦ ከምሳ በኋላ አስጎብኚውም፣ ጠባቂውም፣ ሹፌሩም ልባቸው ጫቱ ዘንድ ነው። በጠዋት ለጥያቄ ሁሉ መልስ ያለው ሰው ከቀኑ 7 ሰዓት በኋላ "እንሂድ እንጂ" ማለት ይጀምራል። አይፈረድበትም። ሥራውን በጠዋት ጨርሶ በጊዜ መመለስ ለሁሉም ይበጃል።

ቁርስ ድሬ ላይ ፈጢራ ተበልቶ ቢኬድ ደስ ይላል፤ ግን ትኩሱን መጠበቅ ግማሽ ሰዓት ይወስዳል። አስጠቅልላችሁ መንገድ ላይ ብሉት።

የክረምት ጎርፍ

ጉዞው የሚመቸው ከኅዳር እስከ የካቲት ነው። ከሐምሌ እስከ ጳጉሜን ባይኬድ ይመረጣል፤ በበልግም፣ በመጋቢትና ሚያዝያ፣ ጥንቃቄ ያሻል። በዚህ አካባቢ የሚያሳስተው ደረቅ ወንዝ ነው። አሸዋው ደርቆ፣ ሰማዩም ጠርቶ እያለ በስተደቡብ በደጋው የዘነበ ዝናብ በድንገት ግድግዳ ሆኖ ይወርዳል። የደቻቱ ወንዝ በሐምሌ 1998 በሌሊት ከተማው ላይ ያደረሰውን ጥፋት የማያስታውስ ድሬዳዋ ውስጥ የለም። ስለዚህ የምታዩት በራሳችሁ አናት ላይ ያለውን ሰማይ ሳይሆን በደቡብ በኩል ያሉትን ተራሮች ይሁን። እነሱ ላይ ጥቁር ደመና ካለ ደረቅ ወንዝ ውስጥ መኪና አይቆምም፣ ምሳ አይበላም። ጎርፍ ከመጣ ለመሻገር አትታገሉ፤ ዳር ላይ ሆናችሁ ጠብቁ። ውሃው እንደ አመጣጡ ቶሎ ይጎድላል።

ዋሻው ዘንድ

ለገ ኦዳ በኦሮምኛ የኦዳ ዛፍ ያለበት ወንዝ ማለት ነው። መንደር ስትደርሱ ከመኪና ወርዳችሁ ለሽማግሌዎቹ "አካም ቡልታን" በሉ፤ ደብዳቤው የሚወጣው ከሰላምታው በኋላ ነው። የአካባቢው ልጅ መንገድ ላሳይ ካለ አስጎብኚው ቢኖርም ይዛችሁት ሂዱ፤ አቋራጩን የሚያውቀው እሱ ነው።

ዋሻ ይባል እንጂ ወደ ውስጥ የሚገባ ጨለማ አይደለም። ገደሉ ከላይ እንደ ጣሪያ ጎልቶ የወጣበት፣ 70 ሜትር ያህል የሚረዝም ጥላ ነው። ግድግዳው ላይ 600 ያህል ሥዕል አለ። እንደደረሳችሁ ግን ምንም ላታዩ ትችላላችሁ፤ ብዙ ሰው ቅር የሚለውም እዚህ ላይ ነው። ከደማቅ ፀሐይ የመጣ ዓይን የደበዘዘ ቀይ ቀለም ከድንጋዩ አይለይም። ኮፍያችሁንና የፀሐይ መነጽራችሁን አውልቃችሁ፣ ጀርባችሁን ለብርሃኑ ሰጥታችሁ 10 ደቂቃ ጥላው ውስጥ ተቀመጡ። ውሃ ጠጡ። ከዚያ ከአንዱ ጫፍ ጀምራችሁ ክንድ በክንድ እየቃኛችሁ ሂዱ። መጀመሪያ ቀንድ ይታያችኋል፤ ቀንዱ ከታየ ከብቱ ተከትሎ ይመጣል።

ከብቶቹን ስታዩ ቀንዱንና ጀርባውን አስተውሉ። አካሉ በጎን በኩል እንደታየ ሆኖ ሲሣል ቀንዶቹ ግን ከላይ እንደታዩ ሁለቱም ተዘርግተዋል። ሣዩ ያየውን ብቻ ሳይሆን የሚያውቀውን ነው የሣለው፤ እረኛ ከብቱን የሚለየው በቀንዱ ነውና። ጀርባቸው ላይ ደግሞ ሻኛ የላቸውም። ዛሬ በመንገዳችሁ ያለፋችሁት ከብት ሁሉ ባለ ሻኛ ነው። ባለ ሻኛው ዝርያ ወደ አፍሪካ ቀንድ የመጣው ዘግይቶ ስለሆነ ሻኛ አልባዎቹ ከእሱ በፊት የነበረውን መንጋ ያሳያሉ። ከከብቶቹ ሌላ ባለ ላት በግ፣ የዱር እንስሳትና የሰው ምስል አለ። ቀለሙ በአብዛኛው ቀይና ቡናማ ሲሆን ነጭ፣ ጥቁርና ቢጫም አልፎ አልፎ ይታያል። አንዱ በሌላው ላይ የተደረበበትን ቦታ ፈልጉ፤ የትኛው እንደቀደመ የሚነግራችሁ እሱ ነው፣ ከታች ያለው ቀዳሚ ነው።

ዕድሜውን በተመለከተ አንድ ስሕተት ደጋግሞ ይሰማል። በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መሬቱ ሲቆፈር የተገኙት የድንጋይ መሣሪያዎች ከ15,000 ዓመት በላይ ወደ ኋላ ይሄዳሉ፤ ይህ እውነት ነው። ቁጥሩ የመሬቱ እንጂ የሥዕሉ ግን አይደለም። የከብት እርባታ ወደዚህ ምድር የደረሰው ካለፉት 5,000 ዓመታት ገደማ ወዲህ ስለሆነ የላም ሥዕል ከዚያ ሊቀድም አይችልም። "15 ሺህ ዓመት የሞላው የላም ሥዕል" የሚል ካጋጠማችሁ ሁለቱን አምታቷል። ከመሣሪያዎቹ መካከል የሣር ዓይነት ዕፅ ያጨዱ ትናንሽ ስለቶች ነበሩ፤ ዳራቸው ላይ የቀረው ልባስ በማይክሮስኮፕ ታይቶ ነው ይህ የታወቀው።

ፎቶ ለማንሳት ፍላሽ አጥፉ። ፍላሽ ድንጋዩን ያነጣዋል፣ ቀዩን ያጠፋዋል። እኩል የሆነ ጥላ ከሁሉም የተሻለ ነው፤ ግማሹ ፀሐይ ግማሹ ጥላ የሆነውን ግድግዳ ፀሐይዋ እስክትዞር ተዉት። ከግድግዳው ፊት ለፊት ቁሙ እንጂ ወደ ጎን አትዘንበሉ። ስልኩን ሁለት እጅ ይዛችሁ ትንፋሻችሁን ያዙ። ፊልተር አታድርጉ፤ ቤት ገብታችሁ ዲስትሬች በሚባለው የዋሻ ሥዕል ማጉያ ፕሮግራም ስታሳልፉት በዓይን ያልታየው ቀይ ብቅ ይላል፣ ግን የሚሠራው ባልተነካካ ፎቶ ላይ ነው። መጠኑን ለማሳየት እስክሪብቶ በፎቶው ጠርዝ ያዙ፤ ግድግዳውን ግን አታስነኩት።

ሥዕሉን ለማድመቅ ውሃ የሚረጭ አስጎብኚ ካለ ወዲያው አስቁሙት። በርግጥም ለጥቂት ደቂቃ ይደምቃል፤ የሚያሳስተውም ይኸው ነው። ውሃው ሲደርቅ ከበሃው ውስጥ የሟሟውን ጨውና ኖራ ወደ ላይ ይዞ ወጥቶ በቀለሙ ላይ ነጭ ሽፋን ይተዋል። በየጊዜው የተረጨበት ሥዕል መጨረሻው እንደ ጭጋግ መሸፈን ነው። እጅ ማሳረፍም የዚያው ዘመድ ነው፣ የላብ ቅባት ይቀራል። ከጥላው ሥር እሳት አይነድም፤ ጥቀርሻው አይለቅም። መሬት ላይ የሚያብረቀርቅ ባልጩት ብታዩ አይታችሁ እዚያው ተዉት። በቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 የተጠበቀ ነው፤ ከቦታው ከተነሳ ደግሞ ለአጥኚ የሚናገረው ነገር አይኖረውም።

አንድ ሰዓት ተኩል ይበቃል። ከ4 ሰዓት እስከ 5 ሰዓት ባለው ጊዜ መመለስ ከጀመራችሁ ምሳችሁን ድሬ ትደርሳላችሁ።

ፖርክ ኤፒክን ለመረጠ

ስሙ በፈረንሳይኛ ጃርት ማለት ነው። ከደቻቱ ወንዝ 140 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ፣ በገደላማ ተራራ ላይ አፉን ከፍቶ ይታያል። ከከተማው ሰፈሮች፣ ከከዚራ ወይም ከመጋላ፣ በባጃጅ ኮንትራት እስከ ተራራው ግርጌ ሄዶ፣ ባጃጁ የሚመለስበትን ሰዓት ተነጋግሮ፣ ከዚያ በእግር ነው። ለጤነኛ ሰው ከ30 እስከ 45 ደቂቃ ይወስዳል። ጠጠሩ ስለሚንሸራተት አቀበቱን ዚግዛግ ውጡ፤ አንዱ ከሌላው በቀጥታ ሥር አይሁን፣ የላይኛው የነካው ድንጋይ የታችኛውን ይመታል። ሲወርዱ ጉልበት ይፈተናል፣ እዚህ ነው ዱላ የሚያስፈልገው። ለዚህም ደብዳቤ አስፈላጊ ነው።

ሥዕሎቹ ደብዝዘዋል፤ ለሥዕል ብሎ የወጣ ያዝናል። የዚህ ቦታ ክብር ከመሬቱ የወጣው ነው። ፈረንሳዊው የቅሪተ አካል አጥኚ ቴያር ደ ሻርዳን ከአገሩ ሰው ከጸሐፊው አንሪ ደ ሞንፍሬ ጋር እ.ኤ.አ. በ1929 የደረሰበት፣ በ1933 የሰው መንጋጋ የተገኘበት፣ በ1970ዎቹ አጋማሽ እንደገና የተቆፈረ ዋሻ ነው። ከቁፋሮው 4,213 ቁራጭ፣ በጠቅላላው 40 ኪሎ ግራም የሚመዝን ቀለም ያለው አፈር ወጥቷል፤ ከ40,000 ዓመት ገደማ በፊት ሰዎች ፈጭተው የተጠቀሙበት። አንዱንም ግን እዚያ አታዩም፤ ወደ አዲስ አበባ ተወስዷል። እዚያ የምታዩት ባዶ ወለል፣ የቁፋሮ ጠርዝና ከታች የተዘረጋችውን ድሬን ነው። የሌሊት ወፍ ሽታ የሚረብሻችሁ መሐረብ ያዙ።

ከጠዋቱ 12፡30 ብትወጡ 4 ሰዓት ሳይሞላ ትወርዳላችሁ፤ ፈጢራ ቤቶቹ ገና አይዘጉም። ወደ ሐረር የምትመለሱ ሚኒባሱ ላይ በጊዜ ተሳፈሩ፤ ደንገጎን በቀን ማለፍ ይሻላል።