ለአነስተኛ አደን የሚሆን ትንሽ ማግነም ሪቮልቨር እንዴት ይመረጣል፣ ጥይቱስ እንዴት ይሞላል?

ማግነም (ከተለመደው የበለጠ ኃይል ያለው ጥይት) ሲባል ብዙ ሰው የሚታየው ክንድ የሚገነጥል ትልቅ ሽጉጥ ነው። ጥንቸል ወይም ጅግራ ለማደን ለሚወጣ ሰው ግን ያ ሁሉ ኃይል ትርፍ ነው። እሱ የሚፈልገው ያነጣጠረበትን የሚመታ፣ የመታውን ሥጋ ደግሞ የማያበላሽ መሣሪያ ነው። የ.32 ቤተሰብ ማግነሞች (ቁጥሩ የአረሩን ውፍረት በግምት በኢንች ይናገራል) ለዚህ ሥራ ልክክ ይላሉ። ጥይቱን ራሱ ለሚሞላ፣ ማለትም የተተኮሰውን ቀለህ (የናሱን ቀፎ) በአዲስ ባሩድና አረር መልሶ ለሚሠራ አዳኝ ደግሞ ከነሱ የተሻለ ሪቮልቨር (ጥይቱ በሚዞር ሲሊንደር ውስጥ የሚቀመጥ ሽጉጥ) አለ ብዬ አላምንም።

ከሁሉ በፊት ግን ሕጉ። መሣሪያ መያዝ፣ በሽጉጥ ማደንና ጥይት መሙላት በየአገሩ የየራሳቸው ሕግ አላቸው። አንዱ ተፈቀደ ማለት ሌላውም ተፈቀደ ማለት አይደለም። በሽጉጥ ማደን ጭራሽ ክልክል የሆነበት ቦታ አለ። ለእያንዳንዱ እንስሳ ዝቅተኛ ካሊበር (የአረር ውፍረት) ወይም ኃይል የተወሰነበትም አለ። ፈቃዱ እጃችሁ ሳይገባ ወደ ቀጣዩ አትሂዱ።

1. መጀመሪያ አደኑን ወስኑ

መሣሪያ ገዝቶ አደን መፈለግ የተገላቢጦሽ ነው። ምን ታድናላችሁ? ከምን ያህል ርቀት? መልሱ ጥንቸል፣ ቆቅ፣ ጅግራና የመሳሰሉት ከሆነ፣ ርቀቱም ከ50 ሜትር የማያልፍ ከሆነ ትንሹ ማግነም ይበቃል።

ቁጥሩን እንየው። የ.32 ኤች ኤንድ አር ማግነም 5.5 ግራም አረር በሰከንድ 335 ሜትር ያህል ሲበር ጉልበቱ 300 ጁል ገደማ ነው። የ.44 ማግነም 15.5 ግራም አረር ከ1,200 ጁል ይበልጣል። አራት እጥፍ ማለት ነው። ለጥንቸል የሚያስፈልገው የቱ እንደሆነ ግልጽ ነው። ትልልቅ የዱር እንስሳትን ማደን የሚያስብ ሰው ግን ይህን ጽሑፍ እዚህ ላይ ቢተወው ይሻላል። በቂ ባልሆነ ጥይት እንስሳ አቁስሎ መስደድ ነውር ነው።

2. ጥይቱን ምረጡ፣ መሣሪያው ይከተላል

ሪቮልቨር ከመምረጣችሁ በፊት የምትሞሉትን ጥይት ምረጡ። .22 ማግነም ከ1959 ጀምሮ ያለ ጥሩ የአደን ጥይት ነው። ችግሩ የሚለኮሰው ከቀለሁ ጠርዝ ስለሆነ አንዴ ከተተኮሰ በኋላ ቀለሁ ተመልሶ አይሞላም። ጥይት ለሚሞላ ሰው በሩ እዚያው ተዘጋ።

በ1961 የወጣው .22 ሬሚንግተን ጄት ይሞላል፤ ፍጥነቱም የሚገርም ነበር። ግን ቀለሁ ከላይ እየጠበበ የሚሄድ ጠርሙስ መሳይ ቅርጽ አለው። ሲተኮስ ወደ ኋላ ይገፋና ከመሣሪያው ግድግዳ ጋር ይጣበቃል። ያኔ ሲሊንደሩ አልዞርም ይላል። የሲሊንደሩ ቀዳዳዎች ትንሽ ዘይት ካለባቸው ችግሩ ይብሳል። ስለዚህ የዚህ ጥይት ተጠቃሚዎች ከመተኮሳቸው በፊት ቀዳዳዎቹን አንድ በአንድ በደረቅ ጨርቅ ማድረቅ ነበረባቸው። ለስብስብ የሚያምር ነገር ነው፤ ለሥራ ግን አልመክረውም።

ቀሪዎቹ ቀጥ ያለ ቀለህ ያላቸው የ.32 ልጆች ናቸው። .32 ኤስ ኤንድ ደብሊው ሎንግ ከ1896 ጀምሮ አለ፤ ለስላሳና ትክክለኛ ነው። በ1984 ይኸው ቀለህ ረዘም ተደርጎ .32 ኤች ኤንድ አር ማግነም ሆነ። በ2007 ደግሞ ጥይት ሠሪው ፌዴራልና መሣሪያ ሠሪው ሩገር እንደገና አርዝመው .327 ፌዴራል ማግነምን አወጡ። የሦስቱም አረር ውፍረት አንድ ነው፣ 7.92 ሚሊ ሜትር ገደማ። የቀለሃቸው ርዝመት ግን 23.4፣ 27.3 እና 30.5 ሚሊ ሜትር ነው።

የኔ ምርጫ .327 ነው። ምክንያቱም አጫጭሮቹን ሁሉ ይተኩሳል። ጠዋት በሎንግ እየተለማመዳችሁ፣ ከሰዓት በማግነም ልታድኑበት ትችላላችሁ። ተቃራኒው ግን አይሞከርም። ለሎንግ በተሠራ አሮጌ ሪቮልቨር ማግነም ለመተኮስ መሞከር መሣሪያውንም እጅንም ያስበላል። ደግሞ ትንሽ ነው ብላችሁ አትናቁት። የ.327 የተፈቀደ የግፊት ጣሪያ 45,000 ፒ ኤስ አይ (ፓውንድ በካሬ ኢንች) ነው፤ የ.357 ማግነም ግን 35,000 ነው።

አንድ ነገር ብቻ አትርሱ። አጫጭሩ ጥይት ብዙ ከተተኮሰ በሲሊንደሩ ቀዳዳ ውስጥ የጥላሸት ቀለበት ይተዋል። ረጅሙን ከማስገባታችሁ በፊት በብሩሽ አጽዱት።

3. ሪቮልቨሩን ስትገዙ የምታዩት

መጀመሪያ ባዶ መሆኑን ራሳችሁ አረጋግጡ። ሻጩ ባዶ ነው ቢልም እዩት። ከዚያ መቺውን ወደ ኋላ ስባችሁ ሲሊንደሩን በጣት ነቅነቅ አድርጉት። ትንሽ መነቃነቅ ያለ ነው፤ ከልክ በላይ የሚወላውል ከሆነ ግን ተዉት። ሲሊንደሩና በርሜሉ የሚገናኙበትን ክፍተት በብርሃን ተመልከቱ። ጠባብና ከላይ እስከ ታች እኩል መሆን አለበት።

ጥይት የሚሞሉ ሰዎች የሚያውቁት አንድ ፈተና አለ። ምንም ባሩድ የሌለው ባዶ አረር ወስዳችሁ በእያንዳንዱ የሲሊንደር ቀዳዳ ፊት በኩል አስገቡት። በጣት ገፋ ሲደረግ የሚያልፍ ከሆነ ጥሩ ነው። ሳይነካ ዱብ ካለ ቀዳዳው ሰፊ ነው። በጣት ጭራሽ አልገባ ካለ ደግሞ ጠባብ ነው፤ የእርሳስ አረር በርሜል ሳይደርስ እዚያው ተጨምቆ ይቀጥናል። የቀጠነ አረር በርሜሉን በደንብ አይሞላም፤ እርሳስ እየተወ ይሄዳል፤ ኢላማም ይስታል። ሁሉም ቀዳዳዎች ተመሳሳይ ስሜት ከሰጧችሁ የተገኘ መሣሪያ ነው።

ለአደን ማነጣጠሪያው የሚስተካከል ይሁን። በርሜሉ ከ10 እስከ 16 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ይመቻል።

4. ጥይቱን መሙላት

እዚህ ላይ ረጋ በሉ። ስልክ ዝጉ። ቴሌቪዥን አጥፉ። እየሞሉ መብላትና ማጨስም የለም፤ እርሳስ በእጅ ወደ አፍ ይገባል፣ ባሩድም ከእሳት ጋር አይስማማም። መነጽር አድርጉ።

መጠኑን ከታተመ የመሙያ መመሪያ መጽሐፍ ብቻ ውሰዱ። በወሬ የተሰማ መጠን አትጠቀሙ። በመጽሐፉ ከተጻፈው ዝቅተኛ መጠን ጀምሩ። ባሩዱን፣ ፕራይመሩን (በቀለሁ ቂጥ ገብቶ ባሩዱን የሚለኩሰውን ትንሽ ክፍል) ወይም አረሩን ከቀየራችሁ እንደገና ከታች ጀምሩ። ሚዛናችሁ በግራምም በግሬንም የሚያነብ ከሆነ በየቱ ላይ እንዳለ ሁልጊዜ እዩ። መጽሐፎቹ የሚጽፉት በግሬን ነው፤ አንድ ግራም ደግሞ ከ15 ግሬን በላይ ነው። እዚህ ላይ መሳሳት መሣሪያ ያፈነዳል።

የተተኮሱትን ቀለሆች አጽዱና አንድ በአንድ አገላብጣችሁ እዩ። አፉ የተሰነጠቀ፣ ከታች በኩል ዙሪያውን የሚያበራ መስመር ያወጣ ቀለህ ይጣላል። የቀሩትን በመሙያ ማሽኑ ወደ ልካቸው መልሱ። ቀጥ ያለ ቀለህ ጥቅሙ እዚህ ይታያል፤ ዳዩ (ማሽኑ ላይ የሚገጠመው ቅርጽ ማውጫ) ካርባይድ ከሚባለው በጣም ጠንካራ ነገር የተሠራ ከሆነ ቅባት መቀባት አያስፈልግም። ይኸው ምት አሮጌውን ፕራይመር ያወጣል። ቀጥሎ የቀለሁ አፍ በጣም በትንሹ ይከፈታል፤ አዲሱ ፕራይመር ከቀለሁ ቂጥ ትንሽ ዝቅ እስኪል ይገባል። ጣታችሁን አሳልፉበት። ከፍ ያለ ፕራይመር ሲሊንደሩን ይይዛል።

አሁን ባሩዱ። ዋናው አደጋ አንዱን ቀለህ ሁለት ጊዜ መሙላት ነው። በተለይ ትንሽ መጠን የሚፈልግ ፈጣን ባሩድ ድርብ ቢገባም ቀለሁ ውስጥ ተደብቆ ይቀራል። ስለዚህ መጽሐፉ ከሚፈቅዳቸው ባሩዶች መካከል ቀለሁን ከግማሽ በላይ የሚሞላውን ምረጡ። ያ ባሩድ ሁለት ጊዜ ቢገባ ከአፉ ገንፍሎ ይፈስሳል፤ ራሱ ያሳብቃል። ቀለሆቹን በመያዣው ላይ አቁማችሁ፣ አረር ከማስገባታችሁ በፊት በባትሪ ብርሃን ሁሉንም ከላይ እዩ። የባሩዱ ከፍታ እኩል መሆን አለበት። አንዱ ከፍ ወይም ዝቅ ካለ አፍሱትና እንደገና መዝኑት። ባዶውም ያን ያህል አደገኛ ነው። ባሩድ የሌለው ጥይት በፕራይመሩ ኃይል ብቻ አረሩን በርሜል ውስጥ ሰንቅሮ ያስቀራል፤ ቀጣዩ ጥይት ከኋላው ሲመጣ በርሜሉ ይፈነዳል። ስትተኩሱ ድምፁ ድክም ያለ ከመሰላችሁ ወዲያው አቁሙ፤ ጥይቶቹን አውጡ፤ በርሜሉን እዩ።

በመጨረሻ አረሩን መጽሐፉ በሰጠው ርዝመት አስገቡና የቀለሁን አፍ አረሩ ላይ ባለው ጎድጓዳ መስመር ውስጥ አጠፍ አድርጉት። ይህን መተው አይቻልም። መሣሪያው ሲራገጥ ያልተተኮሱት አረሮች ከቀለሃቸው እየተሳቡ ይወጣሉ፤ ከሲሊንደሩ ፊት ብቅ ካሉ መዞሩ ይቆማል። ለመፈተን ሲሊንደሩን ሙሉና አንዱን ብቻ ትታችሁ ሌሎቹን ተኩሱ። የቀረውን አውጥታችሁ ርዝመቱን ለኩ። ካልተለወጠ እጥፋቱ ይይዛል።

ለአነስተኛ አደን የምወደው 6.5 ግራም ገደማ የሆነ፣ ጫፉ ጠፍጣፋ የእርሳስ አረር ነው። ፍጥነቱ መካከለኛ ይሁን። ጠፍጣፋው ጫፍ ሳይፈነዳ በደንብ ይመታል፤ በቁስሉ ዙሪያ ያለው ሥጋም ብዙ አይበላሽም። በቁጠባም ቢሆን ከአንድ ኪሎ እርሳስ 150 ያህሉ ይወጣል። ከ.44 አረር ግን 64 ብቻ ነው። በእርሳስ ማደን በተከለከለበት ቦታ የመዳብ አረር አለ፤ የራሱን መጠን ከመጽሐፉ ፈልጉ።

5. ማነጣጠሪያውን ማስተካከል

ከ10 ሜትር ጀምሩና ወደ 25 ሂዱ። ክንዳችሁን አሸዋ በተሞላ ከረጢት ላይ አሳርፉ። በርሜሉን ግን ጠጣር ነገር ላይ አታስደግፉት፤ ይነጥራል። ጣታችሁ ከሲሊንደሩና ከበርሜሉ ክፍተት ጎን አይድረስ። ከዚያ የሚወጣው ጋዝ ቆዳ ይቆርጣል።

አዲስ ተኳሽን የሚያስገርም ነገር አለ። በ25 ሜትር ላይ ቀርፋፋው ጥይት ከፈጣኑ ከፍ ብሎ ይመታል። ምክንያቱ ቀርፋፋው አረር በርሜል ውስጥ ስለሚቆይ ነው፤ እስኪወጣ ድረስ ርግጫው አፈሙዙን ወደ ላይ ያነሳዋል። ስለዚህ ማነጣጠሪያውን የምታስተካክሉት ለምታድኑበት ጥይት ነው። ለልምምዱ ጥይት ልዩነቱን ጻፉና ያዙ።

የትንሹ ካሊበር ትልቁ ስጦታ እዚህ ነው። ርግጫው ስለማይጎዳ ቃታ ስትስቡ አትደነግጡም። ጥይቱም የራሳችሁ ስለሆነ ብዙ ትለማመዳላችሁ። የጆሮ መከላከያ ግን ግድ ነው። ትንሽ ማግነም ድምፁ ትንሽ አይደለም፤ .327 በተለይ ይጮሃል። አደን ላይም ቢሆን አድርጉት።

6. ሜዳ ላይ

ርቀታችሁን የሚወስነው ጥይቱ ሳይሆን እጃችሁ ነው። ተንበርክካችሁ ወይም ዛፍ ተደግፋችሁ ሁሉንም ጥይት 5 ሴንቲ ሜትር ክብ ውስጥ የምታሳርፉበት የመጨረሻ ርቀት ስንት ነው? 20 ሜትር ከሆነ፣ ከ20 ሜትር በላይ አትተኩሱ። ቀረብ በሉ።

ከእንስሳው ጀርባ አፈር ወይም ኮረብታ ከሌለ አትተኩሱ። ድንጋይና ውኃ አረር ያነጥራሉ። መሣሪያችሁ የድሮ ስሪት ሲንግል አክሽን (ለእያንዳንዱ ተኩስ መቺው በእጅ የሚሳብ) ከሆነ መቺው ባዶ ቀዳዳ ላይ ይረፍ፤ ባለ ስድስቱ አምስት ይይዛል ማለት ነው። መውደቅ ብቻውን ሊያስተኩሰው ይችላል። ሩገር ከ1973 ጀምሮ ያወጣቸው አዳዲስ ሞዴሎች ይህን የሚከላከል ብረት አላቸው።

የመታችሁትን ስታርዱ በቁስሉ ዙሪያ ያለውን ሥጋ ሰፋ አድርጋችሁ ቆርጣችሁ ጣሉ፤ የእርሳስ ስብርባሪ አለበት። ቀለሆቹን ሰብስቡ። ቤት ስትገቡ ስንት ጊዜ እንደተሞሉ በሳጥኑ ላይ ጻፉ፤ አፋቸው መሰንጠቅ ሲጀምር ያንን ሳጥን በሙሉ ለቁራሌው ስጡት።