የድሮ የባላባት ቤት በሰፈር ጉልበት እንዴት ይጠገናል

ኮተቤ ጫፍ፣ አቃቂ ዳር፣ እንጦጦ ግርጌ ብትዞሩ እንዲህ አይነት ግቢ አታጡም፣ የድንጋይ መሠረት፣ ወፍራም የጭቃ ግድግዳ፣ ዙሪያውን የእንጨት በረንዳ፣ ጓሮው ላይ የዘመመ ጎተራ። ድሮ ከፊቱ እስከ ወንዙ ድረስ የባላባቱ እርሻ ነበር፣ ዛሬ ኮንዶሚኒየም ከቦታል። ሰፈራችሁ እንዲህ ያለ ቤት ካለና ሰብሰብ ብላችሁ እናድነው ካላችሁ ከየት እንደሚጀመር ልንገራችሁ፣ እኛም ሰፈር እየሰራን ነው።

መጀመሪያ መዶሻ አታንሱ፣ ቤቱ የማን እንደሆነ አጣሩ። የአብዛኛው ታሪክ ተመሳሳይ ነው፣ የካቲት 1967 የገጠር መሬት ሲወረስ እርሻው ሄደ፣ ሐምሌ ላይ ደሞ በአዋጅ ቁጥር 47 ትርፍ ቤት ሲወረስ ቤቱ ወደ ቀበሌ ወይ ወደ ኪራይ ቤቶች ዞረ፣ ከዛ ክፍል ክፍሉ እየተለየ ብዙ አባወራ ገባበት። ስለዚህ ወረዳ ከመሄዳችሁ በፊት እዛ ውስጥ ከሚኖሩት ጋር ቡና ጠጡ። ምን እንዳሰባችሁ ንገሯቸው፣ ልታስወጧቸው እንዳልመጣችሁ በግልፅ አስረዱ፣ ምክንያቱም "ቅርስ ነው" ሲባል ሰው ቶሎ የሚመጣለት "ልንነሳ ነው" የሚለው ነው። ደሞም ጣራው የት የት እንደሚያፈስ ከነሱ በላይ የሚያውቅ የለም።

ቀጥሎ ወረዳና ክፍለ ከተማ ባህልና ቱሪዝም ሄዳችሁ ቤቱ በቅርስነት ተመዝግቧል ወይ በሉ። ከተመዘገበ በአዋጅ 209/1992 መሠረት ያለ ቅርስ ባለሥልጣን ፈቃድ ጥገና አይጀመርም፣ መመላለሱ ያሰለቻል ግን ነገ አንዱ መጥቶ በረንዳውን ልንቀል ቢል እናንተንም የሚጠብቃችሁ ይሄው ነው። ካልተመዘገበ እንዲመዘገብ በጽሁፍ አመልክቱና ማህተም የተመታበትን ኮፒ በእጃችሁ ያዙ። 2016 ላይ ፒያሳ የኮሪደር ልማት ሲጀመር አሮጌ ቤት እንዴት ቶሎ እንደሚፈርስ ሁላችንም አይተናል፣ ወረቀት ያለው ቤት ቢያንስ መከራከሪያ አለው።

ወረቀቱ እስኪያልቅ እጃችሁን አጣጥፋችሁ አትቀመጡ። ሜትር ግድግዳው ላይ አስደግፋችሁ እያንዳንዱን በር፣ መስኮት፣ የበረንዳ ቅርጽ ከፊትም ከጀርባም ፎቶ አንሱ፣ ቴሌግራም ላይ በክፍል በክፍል አስቀምጡት (እንደ ፋይል ላኩት፣ እንደ ፎቶ ከተላከ ጥራቱ ይወርዳል)። ልኬቱን በደንብ የሚያወጣ ሰው ከፈለጋችሁ ልደታ ህንፃ ኮሌጅ ሄዳችሁ ተማሪዎቹን አናግሩ። የሽማግሌዎችን ድምፅም ቅዱ። እዚህ ላይ አደራ የምላችሁ፣ የባላባቱን ዘመዶች ብቻ ጠይቃችሁ እንዳትመለሱ፣ ጭሰኛ የነበሩትን ሰዎች ልጆችና የልጅ ልጆች ፈልጉ፣ አውድማው የት ነበር፣ እርቦ (ለባላባቱ የሚሰጠው የምርቱ ሩብ) እንዴት ይሰፈር ነበር፣ ድንጋዩን ማን ተሸከመ ብላችሁ ጠይቁ። ጎተራውን የሞላው የነሱ ጉልበት ነው፣ እነሱ የሌሉበት ታሪክ ተጽፎ በሩ ላይ ቢለጠፍ ለማን ይጠቅማል?

አሁን ወደ ስራው። ብዙ ሰው ግድግዳውን መለሰን ይቀድማል፣ ምክንያቱም ቶሎ ያምራል። እናንተ ግን ከውሃው ጀምሩ፣ የጭቃ ቤት ውሃ እስካልገባው ድረስ መቶ አመት ይቆማል፣ ውሃ ካገኘው ግን ሁለት ሶስት ክረምት ይበቃዋል። ጣራ ላይ ስትወጡ የቆርቆሮውን መሃል ሳይሆን ከስሩ እንጨት ያለበትን፣ ሚስማሩ የተመታበትን መስመር እርገጡ። የላላውን ሚስማር ነቅላችሁ ጎማ ያለው ምቱበት፣ የተበላውን ቆርቆሮ ብቻ ቀይሩ፣ የድሮው ቆርቆሮ ወፍራም ስለሆነ ደህናውን እንዳትጥሉት። አሸንዳ ከሌለ ይግባለት። ከዛ ወደ መሬት ውረዱ፣ በነዚህ ቤቶች ዙሪያ በአመታት ብዛት አፈርና አመድ ተከምሮ የድንጋዩን መሠረት ውጦ ጭቃው ጋ ይደርሳል፣ እሱን በአካፋ አንሱና ድንጋዩ እንዲታይ አድርጉ፣ መሬቱ ከግድግዳው እየራቀ እንዲያዘቀዝቅ፣ በአንድ ሜትር ቢያንስ 5 ሴንቲሜትር ዝቅ እንዲል፣ ከዛ ቦይ ቅደዱለት። ይሄ ሁሉ ከሰኔ በፊት ማለቅ አለበት። ከክረምቱ በፊት ሌላ ምንም ባትሰሩ ይሄ ብቻ ቤቱን ለከርሞ ያደርሰዋል።

ቋሚዎቹን በጠፍጣፋ ካቻቢቴ ፈትሹ፣ ከመሬት ጋር የሚገናኝበት ቦታ ላይ ጫን በሉት። ጠንካራ ከሆነ ጫፉ ብቻ ይይዛል፣ ከበሰበሰ ግን እስከ እጀታው ስምጥ ይላል፣ እዛ ላይ በጠመኔ ምልክት አድርጉ። አዲስ አበባ በ1879 ስትቆረቆር እንጦጦ ዙሪያ የነበረው ጥድ ነው፣ እሱ ሲመናመን ነው በምኒልክ ጊዜ ባሕር ዛፍ የገባው፣ እና የድሮ ቤት ቋሚ ብዙ ጊዜ ጥድ ሆኖ ታገኙታላችሁ። ጥድን ምስጥ ቶሎ አይደፍረውም፣ ስለዚህ እግሩ ስለበሰበሰ ብቻ ሙሉውን ነቅላችሁ በባሕር ዛፍ አትተኩት፣ የበሰበሰውን ቆርጣችሁ በደህና እንጨት ቀጥሉት ወይ ከስሩ ድንጋይ አስገቡለት። ግን ባላ ሳታስደግፉ አንድም ቋሚ እንዳትነኩ፣ ይሄን ስራ ደሞ አናፂ ይምራው እንጂ በጎ ፈቃደኛ ብቻውን አይግባበት። የተቃጠለ ዘይት መሬት ውስጥ የሚቀበረው ላይ ካልሆነ አትቀቡ፣ የሚታየውን እንጨት አጥቁሮ ይቀራል፣ አይለቅም።

ጭቃው ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ቤት የሚበላሸው በብዛት እዚህ ጋ ነው። ሲሚንቶ አትጠቀሙ። ለሲሚንቶ የሚያዋጣ ሰው ሰፈር ውስጥ አይጠፋም፣ በአክብሮት እምቢ በሉ። ጭቃው እርጥበት ሲገባው ያብጣል ሲደርቅ ይሸበሸባል፣ ሲሚንቶው ግን አይንቀሳቀስም፣ ስለዚህ ይሰነጠቃል፣ በስንጥቁ ውሃ ይገባና መውጫ አጥቶ ውስጥ ያለውን ማገርና ቋሚ ያበሰብሳል፣ ከውጭ አምሮ እያያችሁት ከውስጥ ያልቃል። አፈሩ ቀይ ይሁን፣ ጥቁር መረሬ ብቻውን ከሆነ ሲደርቅ ይተረተራል። የጤፍ ጭድ ጨምሩ፣ ውሃ አጠጡት፣ ሸፍናችሁ ቢያንስ አንድ ሳምንት፣ ከቻላችሁ ሁለት ሳምንት ይቡካ፣ በየሁለት ቀኑ በእግር ይረገጥ፣ ደቦ ከጠራችሁ ለልጆቹ ከዚህ የሚበልጥ ስራ የለም። መድረሱን ሽታው ይናገራል፣ ጭዱም ልስልስ ይላል። እኛ ጋ የሚለስኑት እማማ ከክምሩ አንድ ጭብጥ አንስተው ጨመቅ አደረጉና ጭዱን በጣታቸው ሳብ አድርገው እያዩ "ገና ነው ልጄ፣ አልቦካም" ብለው ሁላችንንም ወደ ቤታችን መለሱን፣ ልክ ነበሩ። እንደሳቸው ያሉ እናቶች ሰፈራችሁ ካሉ አስተማሪዎቻችሁ እነሱ ናቸው፣ የቀን ክፍያም ይገባቸዋል፣ ሙያ ነው እኮ።

የላላውን ልስን ብቻ አራግፉ፣ የቆመውን ተዉት። ግድግዳውን ውሃ ረጭ አድርጋችሁ በስሱ ምረጉ፣ የመጀመሪያው ሲደርቅ ቢሰነጣጠቅ አትደንግጡ፣ የሚቀጥለው ልስን ስንጥቁን ገብቶ ይይዘዋል። ለዚህ ጥሩው ጊዜ ከጥቅምት እስከ ጥር ነው፣ ፀሐይም ነፋስም አለ። ቀለሙ ኖራ ይሁን፣ ፕላስቲክ ቀለም ግድግዳውን ያፍነዋል። ኖራው ገና ውሃ ያልነካው (ያልጠፋ) ከሆነ ኖራውን ውሃ ላይ ጨምሩ እንጂ ውሃውን ኖራ ላይ አታፍስሱ፣ ይፈላና ይረጫል፣ መነፅርና ጓንት የሌለው ሰው አይቅረብ።

መብራቱን ባለሙያ ይየው። ጥር 2007 ጣይቱ ሆቴል ሲቃጠል እንዳየነው የድሮ እንጨት እሳት ከያዘው ማቆሚያ የለውም፣ የተላጠ ገመድ በረንዳ ላይ ተንጠልጥሎ እያለ ሌላ ስራ አትቀጥሉ።

ብሩን በተመለከተ አዲስ ማህበር ከማቋቋም እድሩን ለምኑት፣ አካውንት አለው፣ ድንኳንና ወንበር አለው፣ ሰው ያምነዋል። ሶስት ሰው ይፈርም፣ ደረሰኝ ሁሉ ፎቶው ግሩፑ ላይ ይውጣ።

ሲያልቅ ቁልፉ አንድ ሰው ኪስ ውስጥ አይቅር። የተዘጋ ቤት እርጥበት ይይዛል፣ ምስጡንም የሚያየው የለም። አንዱን ክፍል ለልጆች ማንበቢያ አድርጉት፣ እድሩ ስብሰባውን እዛ ያድርግ፣ የቀዳችሁትን የሽማግሌዎች ድምፅ እዛ አስደምጡ። እና ለሐምሌና ነሐሴ ተራ አውጡ፣ ከባድ ዝናብ በዘነበ ማግስት ተረኛው አሸንዳውን ይጥረግ፣ ቦዩን ይክፈት፣ ውስጥ ገብቶ ኮርኒሱ ላይ አዲስ እርጥበት ካየ በዛው ቀን ፎቶውን ለአናፂው ይላክ።