እድገት ሲጠይቁ አለቃዎ ይዞት የሚገባው አንድ ገጽ

የደረጃ እድገት ብዙውን ጊዜ የሚወሰነው እርስዎ በሌሉበት ስብሰባ ነው። የቅርብ አለቃዎ ስምዎን ሲያነሣ የሌሎች ክፍሎች ኃላፊዎችና በጀት የያዘው ሰው «ምን የተለየ ነገር ሠርተዋል?» ይሉታል። መልሱ «ታታሪ ሠራተኛ ናቸው» ከሚለው ካላለፈ ዕድሉ ማስረጃ ለቀረበለት ሰው ይሄዳል። ስለዚህ የእርስዎ ዝግጅት፣ ስብሰባው ከመድረሱ ከወራት በፊት፣ አለቃዎ የሚናገረውን ነገር በእጁ ማስያዝ ነው።

በመጀመሪያ የሚፈልጉትን መደብ የሥራ ዝርዝር ከሰው ኃይል ክፍል ይውሰዱ። አንድ ወረቀት ለሁለት ይክፈሉና በግራ መደቡ የሚጠይቀውን፣ በቀኝ ያንኑ ሠርተው ያሳዩበትን ሥራ ከነጊዜው ይጻፉ። ቀኙ ባዶ የቀረበት መስመር የሚቀጥሉት ወራት የቤት ሥራዎ ነው። የትምህርት ደረጃና የአገልግሎት ዘመን መስፈርትም ካለ አሁኑኑ ያጣሩ፤ መጨረሻ ላይ እዚያ ላይ መውደቅ ያስቆጫል።

ብዙ ጎበዝ ሠራተኛ ባለበት የሚቀረው የያዘውን ሥራ አብዝቶ መሥራት ለእድገት የሚያበቃው ስለሚመስለው ነው። በቀን 40 ማመልከቻ የሚያስተናግድ ሰው 60 ቢያደርሰው ፈጣን መሆኑን አሳየ። ማመልከቻዎቹ ለምን ተጓድለው እንደሚመጡ አጥንቶ ቅጹን ካስተካከለና ሁለት ባልደረቦቹን ካሠለጠነ ግን የአስተባባሪ ሥራ ሠራ። አለቃዎ ሊያቀርበው የሚችለው ሁለተኛውን ነው።

በየሳምንቱ መጨረሻ 10 ደቂቃ ወስደው ማስታወሻ ይያዙ፦ ችግሩ ምን ነበር፣ እርስዎ ምን አደረጉ፣ ምን ተለወጠ፣ ማን ይመሰክራል። «ሪፖርት በወቅቱ አቅርቤአለሁ» ማንንም አያሳምንም። እንዲህ ቢጻፍ ግን ይለያል፦ «የወር መዝጊያ ሪፖርት 9 ቀን ይፈጅ ነበር፤ መረጃው ከሦስት ክፍሎች በሦስት ዓይነት ቅጽ ይመጣ ስለነበር። አንድ ወጥ ቅጽ አዘጋጅቼ ከሦስቱም ጋር ተስማማን። ላለፉት 4 ወራት በ5 ቀን ተዘግቷል።» እዚህ ላይ ጉልበት ያለው 9 የሚለው ቁጥር ነው። መነሻው ካልታወቀ 5 ቀን ጥሩ ይሁን መጥፎ ማንም አያውቅም፤ በመሆኑም ማሻሻያ ከመጀመርዎ በፊት የነበረውን ይመዝግቡ። በጋራ የተሠራውን ሥራ ደግሞ የራስዎን ድርሻ ለይተው ይጻፉ። ከስብሰባው ተሳታፊዎች አንዱ እውነቱን ካወቀ የተጋነነች አንዲት መስመር ሌላውንም ታስጠረጥራለች።

ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል። ፍላጎትዎን ለአለቃዎ ከዓመታዊው ምዘና 6 ወር ገደማ ቀደም ብለው ይንገሩ፤ የደመወዝ በጀት ከተያዘ በኋላ የመጣ ጥያቄ፣ አለቃው ቢያምንበትም፣ ለከርሞ ሊተላለፍ ይችላል። ንግግሩ አጭር ይሁን፦ «ወደ አስተባባሪነት ማደግ እፈልጋለሁ። ዛሬ ውሳኔ እንዲሰጡኝ አይደለም። ጉዳዩ ሲታይ እኔን በተመለከተ ጥያቄ የሚያስነሣው ምን ይመስልዎታል?» «እኔ ብቁ ነኝ?» ቢሉት በይሉኝታ «አዎ» ይልዎታል፤ ይህኛው ጥያቄ ግን ጉድለቱን ያወጣል። የተነጋገሩበትን በዚያው ቀን በአጭር ኢሜይል ይላኩለት፤ አለቃ ቢቀየር እንኳ ነገሩ ከዜሮ አይጀምርም። በውይይቱ የባልደረባን ስም ጠርቶ መወዳደር፣ የቤት ወጪ መዘርዘርና ለመልቀቅ ሳይቆርጡ «ሌላ ቦታ ጠርተውኛል» ማለት ይጎዳል።

ሌላው ማነቆ፣ የሚተካዎት ሰው አለመኖሩ ነው። ሥራው በእርስዎ ራስ ውስጥ ብቻ ካለ አለቃዎ እርስዎን ማሳደግ በገዛ እጁ ክፍት ቦታ መፍጠር ይሆንበታል። ዋና ዋና ተግባራትን ደረጃ በደረጃ ጽፈው አንድ ባልደረባ ያለማምዱ። የአንድ ሳምንት ፈቃድ ወስደው ምን ያህል ጊዜ እንደተደወለልዎ ይቁጠሩ፤ የተደወለበት ጉዳይ ሁሉ ገና ያልተጻፈ ነው።

ከስብሰባው 4 ሳምንት ቀደም ብለው ማስታወሻውን ወደ አንድ ገጽ ያሳጥሩ። ከላይ ሦስት ውጤት ከነቁጥሩ፣ ቀጥሎ ከአዲሱ መደብ ሥራ አሁን የሚሠሩት፣ ከታች የአሁኑን ሥራ የሚረከበው ሰው ይግባ። ከዚያ በላይ የሆነ ወረቀት አይነበብም።

ቦታውን በውክልና እንዲይዙ ከተጠየቁ ይቀበሉ፤ ግን ጊዜው፣ ለምሳሌ 3 ወር፣ እና ሲያበቃ ምን እንደሚወሰን በጽሑፍ ይስፈር። ገደብ የሌለው ውክልና ደመወዙ ሳይጨመር ሥራው ብቻ የሚጨመርበት ወጥመድ ነው።

መልሱ «አልሆነም» ከሆነ የትኛው መስፈርት እንደጎደለ፣ በምን ማስረጃ እንደሚሟላና መቼ እንደገና እንደሚታይ ይጠይቁ። ሁለት ጊዜ ጠይቀው መስፈርትም ቀንም የሌለው «ትንሽ ታገሡ» ብቻ ካገኙ ጉድለቱ የእርስዎ ላይሆን ይችላል፤ የሌሎች ክፍሎችንና የሌሎች መሥሪያ ቤቶችን ክፍት መደቦች ማየት ይጀምሩ። የሳምንት ማስታወሻዎ የደንበኞች ስምና የመሥሪያ ቤቱ ምሥጢር ተሰርዞለት በቀጥታ ሲቪዎ ላይ ይገባል።