ፎሶሊያ በሰሊጥ እንደ ጃፓኖቹ፣ 15 ደቂቃ ብቻ

እኛ ቤት ፎሶሊያ ማለት በቃ ከካሮት ጋር ሽንኩርት ተቁላልቶለት እስኪልፈሰፈስ የሚበስል ነገር ነው፣ እወደዋለሁ አልክድም፣ ግን ሌላ አሰራር ያለው አይመስለኝም ነበር እስከዛች ቀን ድረስ። የጃፓኖቹን ኢንገን ኖ ጎማኤ ስቀምስ ነው የነቃሁት። ኢንገን የሚሉት ፎሶሊያውን ነው፣ ጎማ ደግሞ ሰሊጥ ነው (የመኪና ጎማ እንዳይመስላችሁ ሃሃ)፣ ኤ የምትለዋ መለወስ ናት። በሰሊጥ የተለወሰ ፎሶሊያ ማለት ነው። ሰሊጡ ይታመሳል ይወቀጣል ከዛ ይለወሳል፣ ቆይ ይሄማ የኛ ስራ አይደል እንዴ? በጾም ሰሊጥ አምሰን ወቅጠን በጥብጠን ፍትፍት ስንሰራ የኖርን ሰዎች ነን እኮ፣ ፎሶሊያው ላይ ማድረጉ ብቻ ነው ያልመጣልን።

ባይ ዘ ዌይ ኢንገን የሰው ስም ነው። እ.ኤ.አ. በ1654 ከቻይና ወደ ጃፓን የተሻገረ የቡዲስት መነኩሴ ነው፣ ኋላ ላይ ኡጂ ከተማ ውስጥ ማንፑኩጂ የሚባለውን ገዳም የመሰረተው፣ ፎሶሊያ ይዞ የገባው እሱ ነው ስለሚባል ስሙ እዛው አትክልቱ ላይ ቀረ።

እሺ ወደ ስራው። ለሶስት ለአራት ሰው ጎን ላይ የሚቀርብ ከሆነ ሩብ ኪሎ ፎሶሊያ፣ 3 የሾርባ ማንኪያ ነጭ ሰሊጥ፣ 1 የሾርባ ማንኪያ ሶያ ሶስ፣ 1 የሾርባ ማንኪያ ስኳር፣ ለመቀቀያ ጨው። አለቀ። ዘይት የለው ሽንኩርት የለው። ስኳሩን እኔ ትንሽ ጎደል አደርገዋለሁ ምክንያቱም ምግብ ላይ ጣፋጭ ነገር ብዙም አልተለማመድንም፣ ግን ጭራሽ እንዳትተዉት፣ ከሶያ ሶሱ ጨው ጋር የሚያስታርቀው እሱ ነው። አንዳንዶቹ ዳሺ የሚባል የአሳ መረቅ ጠብ ያደርጉበታል፣ ለጾም ከሆነ ግን ዝለሉት፣ አሳ በጾም ይበላል አይበላም ወደሚለው ክርክር እንዳንገባ።

ፎሶሊያው ቀጭንና ለጋ ይሁን። ስትሰብሩት ቀጭ ብሎ ካልተሰበረና እንደ ገመድ ከተጎነበሰ የቆየ ነው፣ ውስጡ ፍሬው አብጦ ከውጪ የሚታይ ከሆነ ደግሞ አርጅቷል፣ እሱን ለካሮቱ ወጥ አስቀምጡት። ጫፍና ጫፉን ቀንጥቡ፣ ጎኑ ላይ ክር ካለው አብራችሁ ሳቡት፣ አሁን ሳትቆራርጡ ሙሉውን ተዉት።

ሁሉ ነገር ያለው ውሃው ላይ ነው። ትልቅ ድስት ውሃ አፍሉ፣ ትንሽ አይደለም ብዙ ውሃ፣ 1 የሾርባ ማንኪያ ጨው ጨምሩበት፣ ፍል ፍል ሲል ፎሶሊያውን ክተቱ ክዳን አትክደኑ። ባህር ጠለል አካባቢ ላላችሁ ጅዳም ሁኑ ቴላቪቭ 3 ደቂቃ ይበቃል። አዲስ አበባ ላላችሁ ግን ከተማችን ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው፣ ስለዚ 4 ወይ 5 ደቂቃ ስጡት፣ እኔ ራሴ የውጭ አሰራር ላይ ያየሁትን ደቂቃ ተከትዬ ስንት ጊዜ ጥሬ ጥሬ የሚል ፎሶሊያ በልቻለሁ። ጥሬውን ደግሞ ለሆድ ጥሩ አይደለም ያስታውካል ሁሉ፣ ስለዚ ከሰዓቱ ይልቅ አንዱን አውጥታችሁ ቅመሱ፣ ጥርስ ላይ ትንሽ ከረሽ ማለት አለበት ግን የጥሬ ሽታው የጠፋ መሆን አለበት።

ልክ ሲደርስ ወዲያው አጥልላችሁ በረዶ ያለበት ውሃ ውስጥ ዱብ። በረዶ ከሌለ ቧንቧ ክፈቱበት እስኪቀዘቅዝ። ይሄን ከዘለላችሁት በራሱ ሙቀት መብሰሉን ይቀጥልና ያ የሚያምረው አረንጓዴ ወደ ወታደር ልብስ ከለር ይቀየራል። ሲቀዘቅዝ አውጡት ብዙም ሳይዘፈዘፍ፣ በንጹህ ፎጣ በደንብ አድርቁት በደንብ ስል በደንብ፣ ከዛ የጣት ርዝመት የማይሞላ አድርጋችሁ ቁረጡት።

ሰሊጡ ጋ ስትመጡ ስልካችሁን ራቅ አድርጉት። የመጀመሪያ ቀን እኔ ስልክ ሳነሳ ነው ያሳረርኩት፣ ያረረ ሰሊጥ ደግሞ ይመርራል ምንም ብታደርጉት አይስተካከልም፣ መጣል ነው። በደረቅ መጥበሻ በቀስታ እሳት እያማሰላችሁ፣ ታምሶ የተገዛ ቢሆንም እንኳን አንድ ሁለት ደቂቃ አሙቁት፣ ሁለት ሶስት ፍሬ ጠብ ጠብ ብሎ ሲዘልና ቤቱን ሽታው ሲሞላው አውርዱ፣ መጥበሻው ላይ አትተዉት ሌላ እቃ ላይ ገልብጡት። የሁመራ ሰሊጥ ካገኛችሁማ ምን ትፈልጋላችሁ፣ እስራኤል ያላችሁ ጣሂና (ልሞ የተፈጨ የሰሊጥ ቅቤ) የሚሰራበት እሱው ስለሆነ ታውቁታላችሁ።

ጃፓኖቹ የሚወቅጡበት ሱሪባቺ የሚሉት ውስጡ ሸንተረር ሸንተረር ያለው የሸክላ ሳህን አላቸው፣ የኛ ሙቀጫ ምንም አያንሰውም፣ ብቻ የበርበሬና የነጭ ሽንኩርት ሽታ የሌለበት ይሁን። እስኪልም አትውቀጡት። ግማሹ ዱቄት ግማሹ ገና ፍሬ ሆኖ ሲቀር ነው የሚያምረው፣ ትንሽ ረጠብ ማለት ሲጀምር አቁሙ። ቡና መፍጫ የምትጠቀሙ ጫን ለቀቅ ጫን ለቀቅ እያደረጋችሁ ነው እንጂ ዝም ብላችሁ ከለቀቃችሁት ቅቤ ይሆንባችኋል። ከዛ ስኳሩን እዛው ሙቀጫ ውስጥ ጨምሩ ሶያ ሶሱን ጨምሩ አዋህዱት፣ እንደ እርጥብ አሸዋ ሲሆን ልክ ነው። ሶያ ሶሱ ቀጠን ያለው ኖርማሉ ይሁን፣ ያ ጥቁሩ ወፍራሙ የቻይና ሶስ ፎሶሊያውን ያጠቁረዋል። ሌላ ጨው አያስፈልግም።

ፎሶሊያውን አምጥታችሁ ከዚሁ ጋር ለውሱ፣ ግን ሊበላ ሲል ነው የሚለወሰው። እንግዳ ነበረብኝና ማታ ለውሼ ፍሪጅ አስገብቼ አደረ፣ ጠዋት ሳየው ጨውና ስኳሩ ውሃውን ከፎሶሊያው ስቦ አውጥቶ ታች ኩሬ ሰርቷል ሰሊጡም ታጥቧል። ቀድማችሁ መስራት ካለባችሁ ፎሶሊያውን ለብቻ ሰሊጡን ለብቻ አስቀምጡ፣ ለሁለት ቀን ምንም አይሆንም።

ሞቆ አይበላም፣ ቀዝቀዝ ብሎ ነው። እነሱ በትንሽዬ ጎድጓዳ ሳህን ከሩዝ ጎን ያቀርቡታል ምሳ እቃ ውስጥም ይከቱታል፣ እኔ በያይነቱ ላይ ከምስር ወጡ አጠገብ ጣል አደርገዋለሁ፣ ቃሪያ የሚቀነጥስበት ሰውም አለ ቤታችን፣ መብቱ ነው።

ሰሊጥ ከሌላችሁ ጣሂና 2 የሾርባ ማንኪያ በዛው ሶያ ሶስና ስኳር በጥብጡ፣ ከወፈረ ውሃ ጠብ አድርጉ፣ ጣዕሙ ለስለስ ይላል ያ የታመሰ ሽታው ግን ይቀንሳል። ፎሶሊያ ሲወደድ ደግሞ በቆስጣ ስሩት፣ ጃፓኖቹም በስፒናች ይሰሩታል፣ አንድ ደቂቃ የፈላ ውሃ ውስጥ ከታችሁ አውጥታችሁ ካቀዘቀዛችሁት በኋላ በሁለት እጃችሁ ጭምቅ አድርጋችሁ ነው የምትለውሱት፣ ቆስጣ የሚይዘውን ውሃ አታምኑም።