መድኃኒቱ በእጃቸው ሳለ «ጠፉ» የሚባሉ ታካሚዎች፦ በሀገር አቀፍ የኤችአይቪ ሕክምና መረጃ ላይ የሚታዩ ችግሮችና መፍትሄዎቻቸው

ይህ መመሪያ ከየጤና ተቋሙ የሚመጣውን የፀረ ኤችአይቪ ሕክምና መረጃ በሀገር ደረጃ አጠቃልለው ለዓመታት ለሚከታተሉ ባለሙያዎች የተዘጋጀ ነው። ሪፖርቶቹ ተሟልተው መግባታቸውንና ድምራቸው መታረቁን አንባቢው አስቀድሞ አረጋግጧል ብዬ እነሳለሁ።

ምልክት፦ ክትትል ያቋረጡ ታካሚዎች ቁጥር በአንድ ሩብ ዓመት ውስጥ ያሻቅባል

ሌሎቹን ችግሮች ሁሉ ብደምራቸው ይህን አንዱን ያየሁትን ያህል አላየኋቸውም። የተለመደው ምላሽ የስም ዝርዝር አትሞ ታካሚዎቹን ፍለጋ ሠራተኛ ማሰማራት ነው። እባክዎ ይህን ትእዛዝ ከመስጠትዎ በፊት የሚከተሉትን ይመርምሩ።

በመጀመሪያ ትርጓሜው መለወጥ አለመለወጡን ይመልከቱ። ብዙ መርሃ ግብሮች ታካሚን «ክትትል ያቋረጠ» የሚሉት ከቀጠሮው 90 ቀን ሲያልፍ ነበር፤ ኋላ ግን ወደ 28 ቀን ዝቅ አድርገውታል። ለውጡ በተደረገበት ሩብ ዓመት ቁጥሩ የሚዘለው ታካሚዎች ስለሸሹ ሳይሆን መለኪያው ስላጠረ ነው። የእያንዳንዱ ታካሚ መረጃ ካለ የቀደሙትን ዓመታት በአዲሱ ትርጓሜ እንደገና ማስላት ይገባል፤ ከሌለ የግራፉን መስመር በዚያ ቦታ ቆርጦ ምክንያቱን መጻፍ ነው። ሁለቱን ዘመናት በአንድ መስመር አያይዞ ማቅረብ ስህተት ነው።

ትርጓሜው ካልተለወጠ መንስኤው በአብዛኛው የቀጠሮ ስሌት ነው። ሕክምናቸው የተረጋጋላቸው ታካሚዎች የሦስት ወይም የስድስት ወር መድኃኒት በአንድ ጊዜ መውሰድ ከጀመሩ ወዲህ፣ ለወርኃዊ እደላ የተሠሩ የመረጃ ሥርዓቶች ሳይስተካከሉ ቀርተዋል። ለታካሚው የ180 ቀን መድኃኒት ይሰጠዋል፤ የቀኑ ብዛት ሳይሞላ ሲቀር ግን ኮምፒውተሩ በራሱ 30 ያስገባል። በዚህ ስሌት ከ58ኛው ቀን (30 ሲደመር 28) በኋላ ሰውየው «ጠፍቷል»፤ መድኃኒቱ እስኪያልቅበት ድረስም ለ122 ቀናት ያህል በጠፉት ዝርዝር ላይ ይቆያል። እንግዲህ ከሁሉም በተሻለ ሕክምናቸውን የሚከታተሉት ናቸው በሪፖርት መጀመሪያ የሚጠፉት።

በአንድ ጤና ተቋም እንዲህ ያለ ዝርዝር ይዘው የወጡ ሠራተኞች በመጀመሪያ ያገኟቸው ታካሚዎች ሁሉ መድኃኒታቸውን ከነብልቃጡ አውጥተው አሳዩአቸው። አንዲት እናት ግን በር ላይ ተቆጥተው ነው የመለሷቸው፤ ለቤተሰባቸው ያልነገሩትን ነገር ጎረቤት ፊት ምን ብለው ያስረዱ? ከዚያ ወዲህ የቀጠሮ ስሌቱ ሳይፈተሽ ማንም ሰው ወደ ታካሚ ቤት እንዳይሄድ አጥብቄ እከራከራለሁ። ታካሚው ቤቱ እንዲኬድ አስቀድሞ ያልፈቀደ ከሆነ ስሌቱ ትክክል ቢሆንም አይኬድም።

መፍትሄው ቀላል ነው። ከጠፉት ዝርዝር 30 ካርዶችን በዕጣ አውጥተው በመጨረሻው ጉብኝት የተሰጠውን የመድኃኒት ብዛት ከፋርማሲው መዝገብ ጋር ያስተያዩ። ልዩነቱ ከተደጋገመ ቀጠሮው በተሰጠው የቀን ብዛት እንዲሰላ፣ ቦታው ባዶ ከሆነም ሥርዓቱ መዝገቡን እንዳይቀበል ያስደርጉ። በራሱ 30 የሚሞላ ቅጽ የሠራ ባለሙያ ሥራ ያቀለለ ይመስለዋል፤ ያደረገው ግን ስህተቱ እንዳይታይ መሸፈን ነው።

ከዚህ ሁሉ በኋላም በዝርዝሩ ላይ የቀሩት በእርግጥ አቋርጠዋል ማለት አይደለም። መርሃ ግብሮች በተጀመሩባቸው ዓመታት በጣም ታመው ሕክምና የጀመሩ ስለበዙ፣ ከጠፉት መካከል ብዙዎቹ ሞተው ይገኙ ነበር፤ ሞቱ ግን መዝገብ ላይ አልሰፈረም። ኋላ ላይ ሳይናገሩ ወደ ሌላ ተቋም የሚዛወሩት እየበዙ መጡ። እነዚህ በአዲሱ ተቋም «አዲስ ታካሚ» ተብለው ይመዘገባሉ፤ ስለዚህ አንድ ሰው በአንድ በኩል የጠፋ፣ በሌላ በኩል አዲስ ጀማሪ ሆኖ ሁለት ጊዜ ይቆጠራል። ለዚህ ልዩ መለያ ቁጥርና ለመጀመሪያ ጊዜ ሕክምና የተጀመረበትን ቀን ከታካሚው ጋር ማስተላለፍ ያስፈልጋል። ይህ እስኪሟላ ከጠፉት ጥቂቶቹን በዕጣ መርጦ በጥንቃቄ ማፈላለግና በተገኘው ውጤት የጠቅላላውን ግምት ማረም ይቻላል።

ምልክት፦ በሕክምና ላይ ያሉ ታካሚዎች ቁጥር ይጨምራል እንጂ ፈጽሞ አይቀንስም

ተቋሙ የሚልከው ከጅምሩ አንስቶ የተመዘገቡትን ሁሉ ድምር ነው፤ የሞቱትና የተዛወሩት አልተቀነሱም። ከመድኃኒት ፍጆታ ጋር ያመሳክሩት፤ በቀን አንድ ፍሬ የሚወስዱ 1,000 ታካሚዎች በ30 ቀን ወደ 30,000 ፍሬ ካልወሰዱ ከሁለቱ መዝገቦች አንዱ ተሳስቷል። የፋርማሲው መዝገብ ግን በስድስት ወር እደላ ከወር ወር ስለሚዋዥቅ ንጽጽሩ ቢያንስ የስድስት ወር ድምርን መያዝ አለበት።

ምልክት፦ ቫይረሱ የተገታላቸው መቶኛ እጅግ ከፍተኛ ነው

አካፋዩን፣ ማለትም መቶኛው የሚሰላበትን የታችኛውን ቁጥር፣ ይመልከቱ፤ በደማቸው ያለው የቫይረስ መጠን የተመረመሩት ብቻ ናቸው ወይስ በሕክምና ላይ ያሉት ሁሉ? ከታካሚዎቹ ግማሹ ብቻ ተመርምረው የተገኘ መቶኛ ስላልተመረመሩት ምንም አይናገርም፤ ስለዚህ የምርመራ ሽፋኑ ሁልጊዜ ከጎኑ ይጻፍ። መለኪያው በአንድ ሚሊ ሊትር ደም ከ1,000 የቫይረስ ቅጂ በታች ነው ወይስ ከ50 በታች የሚለውም እንዲሁ።

ምልክት፦ የአንድ ጀማሪ ቡድን (በአንድ ወቅት ሕክምና የጀመሩ ታካሚዎች) የ12 ወር ቆይታ፣ ማለትም በሕክምና ላይ የዘለቁት መቶኛ፣ ከ6 ወሩ በልጦ ይገኛል

አልፎ አልፎ የሚታይ ነው፤ አቋርጠው የተመለሱ ካልሆኑ፣ ከሌላ ተቋም ተዛውረው የመጡት በአካፋዩ ሳይካተቱ በላይኛው ቁጥር ላይ ተደምረዋል።