ፖንስ ኢንሌት ስትሄዱ ከሌንሱ ጀምሩ

ፍሎሪዳ ውስጥ፣ ዴይቶና ቢች አጠገብ ያለውን የፖንስ ኢንሌት የባሕር መብራት ማማ ልትጎበኙ ካሰባችሁ በቀጥታ ወደ ደረጃው አትሩጡ። መጀመሪያ ግቢው ውስጥ ወዳለው የሌንስ ማሳያ ቤት ግቡ። እ.ኤ.አ. በ1887 ማማው ሥራ ሲጀምር የተተከለው፣ ከብዙ የመስታወት ቁርጥራጮች የተገጣጠመው ግዙፍ የፍሬኔል ሌንስ እዚያ ቆሟል፤ ከሰው ቁመት ይበልጣል። ጠጋ ብላችሁ የመስታወቶቹን ጠርዝ ተመልከቱ፤ ከላይ እስከ ታች የተቆረጡበት ማዕዘን ይለያያል። የአንዲት የላምባ መብራት ብርሃን ወደ ሰማይና ወደ መሬት ሳይበተን ተሰብስቦ ባሕሩን የሚያቋርጠው በዚህ ጥበብ ነው። ይህን ሳያዩ 203 ደረጃ መውጣት እጅግ ያስቆጫል!

የመብራት ጠባቂዎቹ መኖሪያ ቤቶችም ሙዚየም ናቸውና አትለፏቸው። ከሰኔ እስከ መስከረም ከሆነ ጠዋት ሂዱ፤ ከሰዓት በኋላ ነጎድጓድ ይበዛል።