ለቀድሞ ወታደር፦ ከአረቄ ለመላቀቅ ሆስፒታል የምትሄድበት የመጀመሪያ ቀን

ወንድም ዓለም፣ ጠዋት የቡናውን ሲኒ በሁለት እጅህ የምትይዝ ከሆነ ይህን የምጽፈው ለአንተ ነው።

እኔ የማቻከል ልጅ ነኝ። በ1990 ዓ.ም. ለኢትዮጵያና ኤርትራ ጦርነት ዘመትኩ። ፆረና ግንባር ነበርኩ። በ1993 ዓ.ም. ተሰናብቼ አማኑኤል ከተማ፣ እናቴ ቤት ገባሁ። ከዚያ በኋላ አስራ ሰባት ዓመት ጠጣሁ። ደብረ ማርቆስ ሆስፒታል ሄጄ የአእምሮ ሕክምና ክፍሉን በር ያንኳኳሁት በ2010 ዓ.ም. ነው። አሁን አልጠጣም። እንደኔ የዘመተ ሰው ሲቸግረው በሚኒባስ ይዤው እሄዳለሁ። መንገድ ላይ ሁሉም የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው። «ምን ይሉኛል?» ይላል። ጉድጓድ ውስጥ ክረምት ያሳለፈ ሰው ነው እንዲህ የሚለው። እኔም እንደዚያው ፈርቼ ነበር። ስለዚህ የሚሉህን ልንገርህ።

ከመሄድህ በፊት በራስህ አታቁም

ይህን ከሁሉ በፊት የማነሳው ልሞትበት ስለነበር ነው። በ2009 ዓ.ም. ንስሐ አባቴ ዘንድ ሄጄ ተገዘትኩ። በዕለቱ አቆምኩ። የመጀመሪያው ሌሊት እንቅልፍ የለም፣ ላብ በላብ ሆንኩ። በሁለተኛው ሌሊት ጣለኝ። ተንፈራገጥኩ፣ ምላሴን ነከስኩ። ጎረቤት ተሰብስቦ «ለክፎት ነው» አለ። ሲነጋ ጸበል ወሰዱኝ። በጸበል አምናለሁ፣ ዛሬም እጠመቃለሁ። ግን ያን ሌሊት የጣለኝ የአረቄው መቋረጥ እንደሆነ የነገረኝ ሰው አልነበረም። በአራተኛው ቀን ግዝቴን ሰብሬ ጠጣሁ። ከዚያ በኋላ በኀፍረት አንድ ዓመት ከሰው ተደበቅሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። መጠጥ አንጎልን ያደነዝዛል። ለዓመታት በብዛት ስትጠጣ አንጎልህ ያን ለመቋቋም በተቃራኒው ይገፋል። በር ከወዲህ አንተ፣ ከወዲያ ሌላ ሰው ሲገፋ አስበው። ያኛው በድንገት ቢለቅ ተደፍተህ ትወድቃለህ። መጠጡን በአንድ ቀን ስታቆም የሚሆነው እሱ ነው። ከመጨረሻው መለኪያ በኋላ ከ6 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ መንቀጥቀጥ፣ ላብ፣ ማቅለሽለሽ፣ የልብ መምታት ይጀምራል። መጣሉ ብዙ ጊዜ የሚመጣው በመጀመሪያዎቹ 48 ሰዓታት ውስጥ ነው። ከሁለተኛው እስከ አራተኛው ቀን ደግሞ አንዳንዱ ሰው ይቀባዥራል፣ የሌለ ነገር ያያል፣ ትኩሳት ይይዘዋል። ይህ የመጨረሻው ሳይታከም ከቀረ ይገድላል።

ሁሉም ጠጪ እንዲህ አይሆንም። ግን ጠዋት ካልቀመስክ እጅህ የማይረጋ ከሆነ፣ ወይም ከዚህ በፊት ጥሎህ የሚያውቅ ከሆነ፣ በሐኪም እጅ እንጂ በራስህ አታቁም። ሰክረህም አትሂድ፤ የሰከረ ሰው በደንብ አይመረመርም። እጅህ እንዲረጋ ብለህ ጠዋት ቀምሰህ ከሆነ፣ በስንት ሰዓት እንደቀመስክ ንገራቸው። ያቺ ሰዓት ለእነሱ ትልቅ ነገር ናት።

ምን ትይዛለህ

መታወቂያህንና የጤና መድህን ደብተርህን ያዝ። መድህን ካለህ መጀመሪያ በአቅራቢያህ ያለው ጤና ጣቢያ ሂድና የሪፈር ወረቀት አጽፍ። በቀጥታ ሆስፒታል ከሄድክ ከኪስህ ልትከፍል ትችላለህ። ጤና ጣቢያው ሰው የሚያውቅህ ቦታ ከሆነና ካፈርክ «ጨጓራ» አትበል። አንድ ወዳጄ ጨጓራ ብሎ የጨጓራ ክኒን ይዞ ተመለሰ። «መጠጥ ማቆም ፈልጌ አቃተኝ» በል። ሌላ ማብራሪያ አያስፈልግም።

የስንብት ወረቀቴን በላስቲክ ጠቅልዬ ይዤ ነበር። ማንም አልጠየቀኝም። ለሕክምናው ግን አንድ ወረቀት ይጠቅማል፤ ቆስለህ የታከምክበት ካለ እሱን ያዝ። በተለይ ጭንቅላትህን ተመትተህ ከነበረ፣ ፍንጣሪ በሰውነትህ ካለ፣ ተናገር። የጭንቅላት ጉዳት ያለበት ሰው መጣሉ ከምን እንደመጣ ለመለየት ይጠቅማቸዋል።

ሰው ይዘህ ሂድ። ሚስት፣ እህት፣ ጎረቤት፣ ማንም ይሁን። አንተ የማታስታውሰውን የሚያስታውስ ሰው።

በሩና ወንበሩ

ጠዋት 2 ሰዓት ካርድ ክፍል ድረስ። ሰልፉ ይረዝማል። በልተህ ሂድ፣ ዳቦም ያዝ። ለቀድሞ ወታደር ብቻ የተለየ መስኮት አላየሁም። ከገበሬው፣ ከተማሪው፣ ልጇን ካዘለችው እናት ጋር ትሰለፋለህ።

ከባዱ ካርዱ ላይ «የአእምሮ ሕክምና» ተብሎ ሲጻፍ ማየት ነው። እኛ አገር «አማኑኤል ገባ» ማለት አበደ ማለት ነው። አዲስ አበባ ካለው ከአማኑኤል የአእምሮ ሆስፒታል የመጣ አባባል ነው። የእኔ ከተማ ስም ደግሞ ከሆስፒታሉ ጋር አንድ ሆነና እናቴ ቃሉን ስትሰማ ታለቅስ ነበር። የሱስ ሕክምና በዚያ ክፍል የሚሰጠው ሱስ የአንጎል ሕመም ስለሆነ ነው። አበድክ ማለት አይደለም።

እኔ በተቀመጥኩበት አግዳሚ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። በደርግ ጊዜ ናቅፋ የነበሩ። ከእሳቸው ወዲያ ጺሙ ገና ያልሞላ ልጅ። የት ዘመትክ፣ ከማን ጋር ሆነህ ተዋጋህ የሚል ጥያቄ ከውስጥም ከውጭም አልተነሳም። ሦስታችንም ጉልበታችንን ይዘን ተራ ስንጠብቅ ሽማግሌው ከያዙት ቆሎ አካፈሉን።

የሚጠይቁህ

የምታገኘው ብዙ ጊዜ የሳይካትሪ፣ ማለትም የአእምሮ ሕክምና ነርስ ነው። እኔን ያየችኝ የልጄ እኩያ ልትሆን የምትችል ወጣት ናት። «ጋሼ፣ ይቀመጡ» አለች። ቀጥላ «በቀን ምን ያህል ይጠጣሉ?» ስትለኝ «ሁለት ሦስት መለኪያ» አልኩ። ባለቤቴ አጠገቤ ነበረች። «እሱ ከአልጋ ሳይወርድ ነው» አለች። ነርሷ አልሳቀችም፣ አልገሠጸችኝም። ጻፈችው። እኔ አንገቴን ደፋሁ።

በኋላ ነው የገባኝ። የሚሰጡህ መድኃኒት መጠን በምትጠጣው ልክ ነው የሚቆረጠው። አሳንሰህ ከነገርካቸው አሳንሰው ይሰጡሃል፣ ሌሊቱን ትንቀጠቀጣለህ። ስለዚህ ከመሄድህ ሦስት ቀን በፊት ቁጠር። አረቄውን በመለኪያ፣ ጠላውን በጣሳ፣ ጠጁን በብርሌ። ዳግም አረቄ ከሆነ ዳግም መሆኑን ተናገር፤ ከተራው ይበረታል።

ሌላውንም አትደብቅ። ጫት፣ ሲጋራ፣ ለእንቅልፍ የምትውጠው ክኒን። ለቁስልህ ትራማዶል የሚባለውን የሕመም ማስታገሻ የምትወስድ ከሆነ ሳትጠየቅ ተናገር። ትራማዶል በራሱ ሊጥል ይችላል። ከመጠጥ ጋር ሲሆን ደግሞ ትንፋሽ ያዳክማል። ከቆሰልነው ውስጥ በዚህ መንገድ ሁለተኛ ሱስ የገባ ብዙ ነው።

ከዚያ ዝርዝር ጥያቄ ይመጣል። በብዙ ቦታ የሚሠሩበት የዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጀው መጠይቅ አለ። አስር ጥያቄ ነው። ጠዋት ትጠጣለህ ወይ፣ ከጠጣህ በኋላ ትጸጸታለህ ወይ፣ በመጠጥ ምክንያት አንተ ወይም ሌላ ሰው ተጎድቷል ወይ ይላል። ነጥቡ እስከ 40 ይደርሳል። 20 እና ከዚያ በላይ ሲሆን ሰውየው በመጠጥ ተይዞ ሊሆን ይችላል ይላሉ። ፈተና አይደለም፤ የሚወድቅበት የለም።

ሁለት ጥያቄ ግን ይከብድሃል። አንዱ «መሞት ተመኝተው ያውቃሉ? ራስዎን ለማጥፋት አስበው ያውቃሉ?» የሚለው ነው። እኔ ብዙ ዝም ብዬ «አዎ» አልኩ። ባለቤቴ ያን ቀን ነው የሰማችው። ሁለተኛው «ቤት መሳሪያ አለ?» የሚለው ነው። ጎጃም ላይ ይህ ቀላል ጥያቄ አይደለም። መሳሪያ የአባት አደራ ነው። ሊያስወስዱብኝ ነው ብዬ ፊቴን አዞርኩ። ነርሷ «ጋሼ፣ እንዲወሰድብዎ አይደለም። እስኪሻልዎ ሌላ ሰው ጋ ቢቀመጥ ብዬ ነው» አለች። ሰክሮ ወይም ሲያቆም ተጨንቆ ያለ ሰው የአንድ ደቂቃ ሐሳብ በቂው ነው። ጠመንጃው አማቼ ቤት ስምንት ወር ተቀመጠ። አሁን ሳስበው ከመድኃኒቱ እኩል የረዳኝ እሱ ነው።

ስለ ጦርነቱስ? ቅዠት አለ ወይ፣ ድንገተኛ ድምፅ ያስደነግጥሃል ወይ ይሉሃል። አዎ ወይም አይደለም በቂ ነው። በመጀመሪያው ቀን ያየኸውን ሁሉ የመዘርዘር ግዴታ የለብህም። «እሱን ሌላ ቀን» ማለት ትችላለህ፤ ቅር አይላቸውም። ግን ቅዠቱ ካለ አለ በል። ብዙዎቻችን የምንጠጣው ለመተኛት ነው። መጠጡን ብቻ አንስተው ቅዠቱን ከተዉት ያው ተመልሰህ መለኪያው ጋ ነህ።

ከጥያቄው በኋላ

ደም ይወስዳሉ፤ ጉበትህን ያያሉ። ግፊትና ሙቀት ይለካሉ። ቫይታሚን ቢ1 ሊወጉህ ይችላሉ። እኔ የጉልበት መርፌ መስሎኝ ነበር። መጠጥ ይህን ቫይታሚን ከሰውነት ያሟጥጣል፤ ሲጎድል አንጎልና ዓይን ይጎዳል፣ እርምጃ ይዛባል። ለመንቀጥቀጡ ዲያዘፓም የሚባለው መድኃኒት ይታዘዛል። በየቀኑ እየተቀነሰ ባብዛኛው በሳምንት አካባቢ ያልቃል። እሱም ራሱ ሱስ ስለሚሆን ነው የሚያሳጥሩት። በላዩ ላይ አንዲት መለኪያ እንኳ አትጨምር።

ጥሎህ የሚያውቅ ከሆነ፣ ሌላ ሕመም ካለብህ፣ ወይም ቤት የሚጠብቅህ ሰው ከሌለ፣ ተኝተህ ታከም ሊሉህ ይችላሉ። እሺ በል። አዲስ አበባ ሪፈር ሊጽፉልህም ይችላሉ። ከማርቆስ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሩቅ ነው፣ ግን ትመለሳለህ። ለባሕር ዳር የምትቀርብ ከሆነ ደግሞ ፈለገ ሕይወትና ጥበበ ጊዮን የአእምሮ ሕክምና አላቸው።

ጾም ከሆነ ክኒን ስለመዋጥ ንስሐ አባትህን ጠይቅ። የእኔ «መድኃኒቱን ዋጥ፣ ጸበሉንም ጠጣ» ብለው ፈቱኝ። የተሰበረውን ግዝቴንም አነሱልኝ። ከደረቴ ላይ ድንጋይ የተነሳ ያህል ቀለለኝ።

አንድ ነገር ደግሞ ለሚስቶች። ነርሷ «ቤት ውስጥ አረቄ ይወጣል?» ብላ ጠየቀች። ባለቤቴ ደነገጠች። የምንኖረው በእሱ ነበር። ዳጉሳውም ጌሾውም በእጇ፣ ደንበኛው በራችን ላይ። ዛሬውኑ ተዉት አላለችንም። «ቢያንስ የመጀመሪያውን ወር ከቤት ውጭ ይሁን» አለች። ማሰሮዎቹን እህቷ ቤት ወሰደች። በሦስተኛው ወር እንጀራ መሸጥ ጀመረች። ገቢው ያንሳል፤ አሁንም ያንሳል። ይህን ሳልነግራችሁ ባልፍ ግን ልክ አይሆንም።

የመጀመሪያው ሌሊት

መድኃኒቱን ይዘህ ቤትህ ከተመለስክ ያ ሌሊት ይረዝማል። ውኃ ጠጣ፣ አጥሚት ጠጣ። ጩኸት የሌለበት ክፍል ተኛ። አጠገብህ ያለው ሰው የሚጠብቀው ይህን ነው፦ ከጣለህ፣ ትኩሳት ከያዘህ፣ ደጋግመህ ካስታወክ፣ ያለህበትን ካልለየህ፣ የሌለ ሰው ካናገርክ፣ እስኪነጋ አይጠበቅም። በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል ነው።

ባለቤቴ ያን ሌሊት መብራት ሳታጠፋ አደረች። በየሰዓቱ ትከሻዬን ነካ አድርጋ «ስምህ ማነው? የት ነህ?» ትለኝ ነበር። ነርሷ እንዲህ አድርጊ ብላታለች። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ስትጠይቀኝ ሙሉ ስሜን፣ ማዕረጌን፣ ሻለቃዬን ነገርኳት። ደንግጣ «የት ነህ ታዲያ?» አለች። «ቤቴ» አልኳት።